ከሣጥን ቁጥሩ በላይ ያለው መስመር

የቆዩ የግብርና ምርምር መጽሔቶችን ያገላበጠ ሰው ከሀዋሳ በተላኩ ጽሑፎች ግርጌ ላይ አንድ የማይለወጥ ነገር ያያል። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዋሳ ግብርና ኮሌጅ መምህራን አድራሻቸውን "ፖ.ሣ.ቁ. 5፣ አዋሳ" ብለው ይጽፉ ነበር። ኮሌጁ የደቡብ ዩኒቨርሲቲ አካል ሲሆን የተቋሙ ስም ተለወጠ፤ ሣጥኑ ግን ያው 5 ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዩኒቨርሲቲው የከተማይቱን ስም ወስዶ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሲባልም፣ አዋሳ ተብላ ትጻፍ የነበረችው ከተማ ሀዋሳ ስትባልም፣ በ2012 ዓ.ም. የሲዳማ ክልል ሲመሠረትም ቁጥሩ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የተለወጠው ከቁጥሩ በላይ ያለው መስመር ነው። አንዱ የእጽዋት ሳይንስ ትምህርት ክፍል ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው የእንስሳት እርባታ፣ ሌላው ስሙን ብቻ። ፖስታ ቤቱ ያንን መስመር ማንበብ አይጠበቅበትም። መስመሩ የተጻፈው ለሣጥኑ ባለቤት ነው። ደብዳቤው ከሣጥኑ ወጥቶ ግቢ ከገባ በኋላ ወደ የትኛው ጠረጴዛ እንደሚሄድ የሚነግረው እሱ ነው።

የኢሜይል ባለሙያዎች "የአድራሻ ቅጥያ" የሚሉት ነገር ይኸው መስመር ነው ብዬ እከራከራለሁ። ከተጠቃሚው ስም ቀጥሎ የመደመር ምልክት ይገባል፣ ከእሱ ቀጥሎ አንድ ቃል ይጨመራል፣ ከዚያ የ@ ምልክትና የተቋሙ ስም ይመጣል። መልእክቱ የሚደርሰው ለዚያው ተጠቃሚ ነው፤ የተጨመረው ቃል ግን ወደ የትኛው ማኅደር እንደሚገባ ይወስናል። ይህ አሠራር ለእኛ አገር ሰው ባዕድ ሊመስለው አይገባም። አገራችን ደብዳቤዋን ለብዙ አሥርት ዓመታት ያደላደለችው በዚህ ዘዴ ነው። እንግዳ የሆነብን ወደ ኢሜይል ስንሻገር መስመሩን ከኋላ ጥለነው ስለሄድን ነው። መስመሩን ጥለን የተሻገርነው ግድ ሆኖብን አልነበረም፤ መልሶ ለማምጣትም በሰርቨሩ ማዋቀሪያ ፋይል ላይ ጥቂት መስመሮችን መጻፍ ይበቃል።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ፖስታ ከመኖሩ በፊት ወደነበረው ልማድ መመለስ ያስፈልጋል። የድሮው የአማርኛ ደብዳቤ "ይድረስ ከ" ብሎ በሰው ስም ይከፍታል። ደብዳቤው የሚሄደው ወደ ሰው እንጂ ወደ ቤት አልነበረም፤ ቤተ መንግሥቱ ራሱ ከሠፈር ሠፈር ይንቀሳቀስ በነበረበት ዘመን ከዚህ የተለየ ሊሆንም አይችልም። መልእክተኛው ተቀባዩን ካለበት ፈልጎ ያገኘዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፖስታ ሲያቋቁሙና ፓሪስ ውስጥ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች ሲመጡ ግን ሁኔታው ተለወጠ። ቴምብር የሚለጠፍበት ደብዳቤ ተቀባዩን እየጠየቀ የሚዞር መልእክተኛ የለውም፤ ማረፊያ ቦታ ይፈልጋል። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል እስከሆነችበት እስከ 1901 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኅዳር 1908) ድረስ የአገራችን ቴምብር ብቻውን ደብዳቤን ከጅቡቲ አያሻግርም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ከውጭ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ በስምምነቱ መሠረት ወደ አገር ውስጥ መግባትና ለባለቤቱ መድረስ ነበረበት። ስም ያለው ጎዳና፣ ቁጥር ያለው በር በሌለበት አገር ሰውን ወይም መሥሪያ ቤትን ከአንድ ቋሚ ነጥብ ጋር የሚያያይዘው መላ የፖስታ ሣጥን ሆነ።

የቤት ቁጥር በከተሞቻችን የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ሲመጣም ለፖስታ አልመጣም። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ከወጣና ቀበሌዎች ከተደራጁ በኋላ በየበሩ የተለጠፈው ቁጥር ኪራይ ለመሰብሰብ፣ ነዋሪ ለመመዝገብና መታወቂያ ለመስጠት ያገለግል ነበር። ዛሬም በብዙ መታወቂያ ላይ "የቤት ቁጥር" ከሚለው ቀጥሎ "አዲስ" የሚል ቃል ብቻ ተጽፎ እናገኛለን፤ ቤቱ አለ፣ ቁጥሩ ግን አልተሰጠውም ማለት ነው። ሀዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ በፕላን የተቆረቆረች፣ ሰፋፊ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ያሏት ከተማ ሆና እንኳ ከዚህ ልማድ አልወጣችም። ከክፍለ ከተሞቿ አንዱ አዲስ ከተማ ይባላል። አዲስ አበባም መርካቶን የያዘ የራሱ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ አለው። አንድ ሰው በፖስታው ላይ "አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ" ብሎ የከተማውን ስም ቢረሳ፣ ደብዳቤው የ270 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ካላቸው ሁለት ቦታዎች ወደ የትኛው እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም። "ፖ.ሣ.ቁ. 5፣ ሀዋሳ" ግን አያሳስትም። ሁለት ነገር ብቻ ይናገራል፤ ሁለቱም ለአዳዩ በቂ ናቸው።

አሁን ወደ ሣጥኑ ቀረብ ብለን እንመልከት። የፖስታ ቤት ሣጥኖች በግድግዳ ላይ ተደርድረው ይሠራሉ። በሕዝቡ በኩል እያንዳንዷ የምትቆለፍ ትንሽ በርና ቁጥር አላት። በውስጥ በኩል፣ ሠራተኛው በሚቆምበት፣ ክፍት ናት። ለዪው ደብዳቤውን ያነሣል፣ ቁጥሩን ያያል፣ ከኋላ ይከታል፤ ሥራው በዚህ አበቃ። ከቁጥሩ በላይ "ለወይዘሮ እገሊት፣ በአቶ እገሌ በኩል" የሚል ቢኖር እሱን የሚመለከት አይደለም። የመሥሪያ ቤቱ ተላላኪ ቁልፉን ይዞ መጥቶ ሣጥኑን ከፍቶ የወጣውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። መለየት የሚጀመረው እዚያ፣ ባለቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው። በዚህ መንገድ በአንድ ሣጥን ስንት ሰው ኖሯል! ሣጥን ተከራይቶ የማያውቅ ቤተሰብ ውጭ አገር ያለ ልጁን ደብዳቤ የሚቀበለው በዘመድ መሥሪያ ቤት ሣጥን ነበር፤ ተማሪው በትምህርት ቤቱ፣ ወታደሩ በክፍሉ፣ የነጋዴው ዘመድ በሱቁ ሣጥን። ለዚህ ሁሉ ሰው የተለየ ሣጥን፣ የተለየ ኪራይ፣ የተለየ ቁልፍ አላስፈለገም። "በኩል" የሚለው ቃል ያለበት አንድ መስመር በቃ። መስመሩን የሚጽፈው ላኪው ነው፤ ምን ብሎ መጻፍ እንዳለበት ግን የነገረው ተቀባዩ ነው። ትርጉሙንም የሚያውቀው ተቀባዩ ብቻ ነው።

በዚህ አሠራር ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ደብዳቤው ሳይከፈት መለየቱ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን አገራችን ሌላ የመለያ ዘዴም አሳድጋለች፤ እሱ መዝገብ ቤት ነው። ወደ መሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ ይከፈታል፣ በገቢ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ማኅተምና ቁጥር ያገኛል፣ ወደ ኃላፊው ይገባል። ኃላፊው "ጉዳዩ" የሚለውን አንብቦ ኅዳጉ ላይ ለሚመለከተው ክፍል ይመራዋል። መዝገብ ቤት ለመንግሥት ሥራ አስፈላጊ ነው፤ ኃላፊነትን በጽሑፍ ያስቀራል። ነገር ግን ደብዳቤን በይዘቱ መለየት ማለት ማንበብ፣ መረዳት፣ መወሰን ማለት ነው፤ ኃላፊው ለስብሰባ ከሄደ ደብዳቤው ሳይመራ ይከርማል። መሥሪያ ቤቶቻችን ይህን ድካም የሚያቃልል ብልሃትም ነበራቸው። በብዙ የደብዳቤ ወረቀት ላይ መልስ ስትጽፉ የእኛን ቁጥር ጥቀሱ የሚል ማሳሰቢያ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታትሞ ይገኛል። መልሱ ቁጥሩን ይዞ ሲመጣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጉዳዩን ሳይመረምር ፋይሉን አውጥቶ ያያይዘዋል። ተቀባዩ ለላኪው ምልክት ይሰጣል፣ ላኪው ምልክቱን መልሶ ያመጣል። ዳንኤል በርንስታይን ኪውሜይል በተባለው የኢሜይል ሰርቨሩ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው፣ ለእያንዳንዱ ተቀባይ የተለየ የመመለሻ አድራሻ የመስጠት ዘዴ በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ሳይደርስ የተመለሰው መልእክት የማን እንደነበረ የሚታወቀው ይዘቱን በመመርመር ሳይሆን በአድራሻው ላይ በተቀጠለው ምልክት ነው።

ኢሜይል ወደ አዲስ አበባ ሲገባ ይህን ልማድ የሚያውቀው መስሎ ነው የገባው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ክፍል ፊዶኔት የተባለውን የኮምፒውተር መረብ ዘዴ በመጠቀም ለምርምር ተቋማት፣ ለዕርዳታ ድርጅቶችና ለግለሰቦች የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ አገልግሎት ይሰጥ ነበር። መልእክቶች ተጠራቅመው በስልክ መስመር ለንደን ካለው ግሪንኔት ጋር ይለዋወጣሉ፤ የፓዲስ አድራሻ ላይ የግሪንኔት ስም አጽሕሮት ይታይ የነበረው ለዚህ ነው። የሕክምና ባለሙያዎችም ሄልዝኔት የሚባል ተመሳሳይ አገልግሎት ነበራቸው። ቶም ጄኒንግስ እ.ኤ.አ. በ1984 የጀመረው ፊዶኔት አድራሻን በቁጥር ያዋቅራል፤ መጀመሪያ ክፍለ ዓለሙን የሚያመለክተው ዞን (አፍሪካ 5 ነው)፣ ቀጥሎ መረቡ፣ ቀጥሎ ጣቢያው። ከዚያ በኋላ ነጥብና አንድ ቁጥር መጨመር ይቻላል። ያ የመጨረሻው ቁጥር በዓለም አቀፉ የጣቢያዎች ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። የሚሰጠው ጣቢያውን የሚያስተዳድረው ሰው ነው፣ የሚያውቀውም እሱ ነው፤ የተቀረው ዓለም ደብዳቤውን እስከ ጣቢያው አድርሶ ይመለሳል። ከሣጥን ቁጥር በላይ ካለው መስመር ጋር ይህን ያህል የተቀራረበ ቴክኒክ ከዚያ በፊት ወደ አገራችን የገባ አይመስለኝም።

ከዚያ ዋናው ኢንተርኔት መጣ። በ1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥር 1997) የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አገልግሎቱን ሲጀምር አድራሻዎች ሁሉ ቴሌኮም ዶት ኔት ዶት ኢቲ ከሚል ስም በፊት አንድ አጭር የተጠቃሚ ስም ብቻ የያዙ ነበሩ። መስመሩ በስልክ ጥሪ የሚገናኝና ውድ ስለነበር አንድ መሥሪያ ቤት አንድ አድራሻ ይዞ ሠራተኛው ሁሉ በእሱ መጻጻፉ የተለመደ ሆነ። አንድ ሣጥን፣ ብዙ ሰው፤ እስከዚህ ድረስ የድሮው ነገር ነው። የጎደለው ከቁጥሩ በላይ የነበረው መስመር ነው። አድራሻው ተጨማሪ ቃል የሚቀበልበት ቦታ ስላልነበረው ሰዎች የተቀባዩን ስም በርእሱ መስመር ላይ መጻፍ ያዙ። ርእስ ደግሞ ይዘት ነው፤ ከፍቶ የሚያነብ፣ አንብቦ የሚያስተላልፍ ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ኢሜይሉን የሚከፍተው ሠራተኛ ሳይታወቀው መዝገብ ቤት ሆነ፤ አትሞ ያከፋፍላል ወይም ወደየሰዉ ያስተላልፋል። የግል ጉዳይም በዚያው ዓይን ሥር ያልፋል። የድሮው የታሸገ ፖስታ ይህን ያህል የተጋለጠ አልነበረም።

የሚያሳዝነው በዚያው ጊዜ መፍትሔው በሌላ አገር ተዘጋጅቶ መቀመጡ ነው። አሜሪካ ውስጥ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አንድሩ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተጠቃሚው ስም ቀጥሎ የመደመር ምልክትን ይቀበል ነበር። በዘመኑ ሰፊውን የኢንተርኔት ደብዳቤ ያመላልስ የነበረው ሴንድሜይል በ1990ዎቹ አጋማሽ ይህንኑ አሠራር አካተተ። ኪውሜይል በመደመር ፋንታ ሰረዝን መረጠና እያንዳንዱ ተጠቃሚ በራሱ ማኅደር ውስጥ ለእያንዳንዱ ቅጥያ የተለየ መመሪያ ፋይል እንዲያስቀምጥ ፈቀደ። ዊትሰ ቬነማ በአይ.ቢ.ኤም. ሆኖ የጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1998 መጨረሻ የወጣው ፖስትፊክስ ምልክቱን አስተዳዳሪው እንዲመርጥ ተወው። ይህ ሁሉ የተቻለው ከኢንተርኔት ደብዳቤ መሠረታዊ ደንቦች አንዱ ከ@ በፊት ያለውን ክፍል የመተርጎም ሥልጣን ለተቀባዩ ሰርቨር ብቻ ስለሚሰጥ ነው። በመንገድ ላይ ያሉ ሰርቨሮች ከ@ በኋላ ያለውን ስም አይተው ያደርሳሉ፤ በፊቱ ያለውን ሊነኩት፣ ሊያሳጥሩት፣ ሊገምቱት አልተፈቀደላቸውም። የፖስታ ለዪው ሥራ ቁጥሩን አይቶ ሣጥን ውስጥ መክተት ላይ እንደሚያበቃ ሁሉ፣ እዚህም ድንበሩ ተሠምሮ ተቀምጧል።

ሥራውን በቅርብ ለማየት ፖስትፊክስን የሚያሄድ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ሰርቨር እንውሰድ። ዋናው የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ "ሪሲፒየንት ዴሊሚተር" የሚባል መስመር አለ። ከእኩል ምልክቱ ቀጥሎ የመደመር ምልክት ይጻፋል፣ ሰርቨሩም አዲሱን ማዋቀሪያ እንዲያነብ ይታዘዛል። ከዚያ ወዲያ "ሬጅስትራር+ማስረጃ" ተብሎ የተጻፈ መልእክት ሲመጣ ሰርቨሩ መጀመሪያ ሙሉው ስም በሠንጠረዡ ላይ የራሱ ቦታ እንዳለው ያያል። ካለው ወደዚያው ይልከዋል። ከሌለው ከመደመር ምልክቱ በኋላ ያለውን ቆርጦ "ሬጅስትራር" የሚለውን ይፈልጋል፣ መልእክቱንም ለእሱ ያደርሳል፤ የተቆረጠው ቃል ግን አይጣልም። ፖስትፊክስ መልእክቱን ከነቅጥያው በማኅደር ለሚያስቀምጠው ፕሮግራም፣ ለዶቭኮት፣ ያስረክባል፣ ዶቭኮትም ከተፈቀደለት በቅጥያው ስም ወደሚጠራው ማኅደር ያስገባዋል። ከዚህ የረቀቀ ነገር የፈለገ ሲቭ በተባለው የመልእክት ማጣሪያ ቋንቋ ደንብ ይጽፋል። ሲቭ የአድራሻውን ዋና ክፍልና ቅጥያውን ለያይቶ የሚያነብበት ደንብ እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥቶ በ2008 ታድሷል። አንድ ነገር ብቻ መጠንቀቅ ያሻል፤ ማንም ላኪ የፈጠረው ቅጥያ ሁሉ አዲስ ማኅደር እንዲከፍት መፍቀድ ጥሩ አይደለም። ማኅደሮቹ አስቀድመው ይከፈቱ፤ የማይታወቅ ቅጥያ ይዞ የመጣው በዋናው ገቢ ውስጥ ይረፍ። መልእክቱ አይጠፋም፣ ተለይቶ አይቀመጥም ብቻ።

"የሣጥኑ ልማድ የድህነት ውጤት እንጂ ብልሃት አይደለም" የሚል ይኖራል። የጎዳና ስምና የቤት ለቤት እደላ ቢኖር ኖሮ ማንም በሰው ሣጥን ደብዳቤ አይቀበልም ነበር ይላል። የልማዱን መነሻ በተመለከተ ተቃውሞው እውነት አለው፤ እኔም ሣጥኑ ከማጣት እንደተወለደ ከላይ ተናግሬያለሁ። ነገር ግን ከችግር የተወለደ አሠራር ሁሉ ችግሩ ሲወገድ ከንቱ አይሆንም። በኢሜይል ዓለም የጎዳና ስም እጥረት የለም፤ ካርኔጊ ሜለን የቤት ቁጥር አጥቶ አይደለም የመደመር ምልክቱን የወሰደው። አንድ ተቀባይ ብዙ ዓይነት መልእክት ስለሚደርሰው ነው። ጎዳና ያለውም የሌለውም ይህ ችግር ይገጥመዋል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ለየክፍሉ የየራሱ አድራሻ ቢከፈት ይሻላል የሚለው ነው። ለዚህ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የፖስታ ሣጥኖች ራሳቸው መልስ ይሰጣሉ። የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጁ ፖ.ሣ.ቁ. 1560፣ ሀዋሳ ይጠቀማል። የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ደግሞ ፖ.ሣ.ቁ. 128፣ ሻሸመኔ ነው፤ በቅርቡ የሚገኘው ፖስታ ቤት ያ ነዋ። የተለየ ግቢና የተለየ አስተዳደር ያለው የተለየ ሣጥን ይዟል፣ የሚገባም ነው። በአንድ ኮሌጅ ውስጥ ያሉ ትምህርት ክፍሎች ግን በአንድ ሣጥን ሥር ሆነው በመስመር ይለያሉ። ይህ ልክ በኢሜይልም ይሠራል። እያንዳንዱ አዲስ አድራሻ የይለፍ ቃል፣ የማከማቻ ቦታ፣ የሚከታተለው ሰው ይጠይቃል። ሰውዬው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲዛወር አድራሻው ወላጅ አልባ ይቀራል፤ መልእክት ይቀበላል፣ የሚከፍተው የለም። ለሦስት ወር ምዝገባ፣ ለአንድ ጨረታ፣ ለአንድ ጉባኤ ጽሑፍ መቀበያ የተለየ አድራሻ ማስከፈት አቅምን ማባከን ነው። ቅጥያ ግን ለመስጠት ማመልከቻ አያሻውም፣ ጊዜው ሲያልፍም የሚዘጋ ነገር የለውም። ዋናው አድራሻ በሠንጠረዥ ወደ ተረኛው ሠራተኛ እንዲያልፍ ከተደረገም፣ ፖስትፊክስ በዚያ ሠንጠረዥ ሲያስተላልፍ ቅጥያውን አብሮ ይወስደዋል። ሠራተኛው ቢቀየር የሚነካው የሠንጠረዡ አንድ መስመር ነው።

"ማጣሪያ በርእስና በይዘት መሥራት እየተቻለ ቅጥያ ለምን?" የሚለው ሦስተኛ ጥያቄ ለአማርኛ ጸሐፊ የተለየ ክብደት አለው። በእንግሊዝኛ "ማስረጃ" የሚል ቃል ርእሱ ላይ ካለ ወደዚህ ማኅደር ይግባ ብሎ ደንብ መጻፍ ቀላል ነው፤ ቃሉ አንድ አጻጻፍ አለው። በአማርኛ ግን አንዱ ሀዋሳ፣ ሁለተኛው ሐዋሳ፣ ሦስተኛው አዋሳ፣ አራተኛው ዐዋሳ ብሎ ይጽፋል፤ አንባቢ ሁሉንም ያውቃል፣ ማሽኑ ግን አራት የተለያዩ ቃላት ያያል። ጸ እና ፀ፣ ሰ እና ሠ ሲጨመሩ የደንቡ ብዛት ይባዛል። አንዱ ላኪ በአማርኛ፣ ሌላው በእንግሊዝኛ፣ ሌላው አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፋል። ርእሱን ባዶ የሚተወውም ብዙ ነው። ቅጥያው ግን በተቀባዩ የተወሰነ አንድ አጻጻፍ ነው፤ ላኪው ማስታወቂያው ላይ ያየውን አድራሻ ገልብጦ ይለጥፋል እንጂ አይፈጥረውም። ይዘትን የሚያነብ ማጣሪያ ለቋንቋችን ገና ደካማ በሆነበት ሁኔታ በአድራሻ መለየት ለእኛ ከእንግሊዝኛ ተጠቃሚ ይልቅ ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ።

አንዳንድ ቅጾች የመደመር ምልክት ያለውን አድራሻ አልቀበልም ማለታቸው እውነት ነው፤ ጥፋቱ የቅጾቹ ነው፣ ደንቡ ምልክቱን ይፈቅዳልና። መውጫ መንገድ አለ፤ ፖስትፊክስ ከ2.11 ዕትሙ ጀምሮ ከአንድ በላይ ምልክት ይቀበላል፣ ስለዚህ መደመርን ለመደበኛው፣ ሌላ ምልክት ለእምቢተኛው ቅጽ ማስቀመጥ ይቻላል። ሰረዝን ለመምረጥ ግን በእኛ አገር ሁለት ጊዜ ማሰብ ይገባል። ሀብተ ማርያም፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ገብረ መድኅን የሚባሉ ሰዎች ስማቸውን በላቲን ሲጽፉ በመካከሉ ሰረዝ ማግባት የተለመደ ነው። ሰረዝ መለያ ከሆነና ሙሉ ስሙ በሠንጠረዡ ላይ ከሌለ የሀብተ ማርያም ደብዳቤ "ሀብተ" ለሚባል ሌላ ሠራተኛ፣ "ማርያም" ወደሚል ማኅደር እንዲገባ ታዝዞ ሊሄድ ይችላል። ይህን ዓይነት ስሕተት በሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ አያስጠነቅቅም፤ የሰዉን ስም የሚያውቅ አስተዳዳሪ ራሱ ማየት አለበት።

ቅጥያውን ቆርጦ ዋናውን አድራሻ ማግኘት ቀላል ስለሆነ አይፈለጌ መልእክት አይከላከልም የሚሉም አሉ። አይከላከልም፣ እንዲከላከልም መጠበቅ የለበትም። "በአቶ እገሌ በኩል" የሚለው መስመርም ሣጥኑን ከማንም አልደበቀም። መስመሩ ሌባን ለመከላከል አልተጻፈም፤ የታመነ ሰው የላከው ደብዳቤ በትክክለኛው እጅ እንዲገባ ነው የተጻፈው። የሚሰጠው ተጨማሪ ጥቅም ቢኖር፣ ለአንድ ድርጅት ብቻ የተሰጠ ቅጥያ ከሌላ ወገን ተጽፎ ሲመጣ አድራሻው ከየት እንደወጣ ማመልከቱ ነው።

የመጨረሻውና ብዙ ሰው የሚያነሣው ደግሞ ዘመኑ የቴሌግራም ነው፣ ኢሜይል ማን ይጽፋል የሚል ነው። የዕለት ወሬን በተመለከተ ልክ ነው። ነገር ግን ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ስካን ተደርጎ የሚላከው፣ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ የማስረጃ ማረጋገጫ ጥያቄ የሚመጣው፣ የመጽሔት አርታዒ ከደራሲ ጋር የሚጻጻፈው አሁንም በኢሜይል ነው። ቴሌግራም ላይ የተለጠፈ ሰነድ የግለሰቡ ስልክ ላይ ይቀራል፤ ስልኩ ሲቀየር፣ ሰውየው ሲለቅ የመሥሪያ ቤቱ ታሪክ አብሮት ይሄዳል። የገቢ መዝገብ ያሳደገው ኃላፊነትን በጽሑፍ የማስቀረት ባህል በዚህ መንገድ እየተሸረሸረ ነው። አንድ ተቋም የራሱን ሰርቨር ይዞ፣ ቅጥያን ከማኅደር ጋር አያይዞ ቢሠራ ግን በቅጥያው መሠረት የተለየው ሁሉ በተቋሙ እጅ ይቆያል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ዶት ኢዲዩ ዶት ኢቲ የሚል የራሳቸው ስም አላቸው፣ በትምህርትና ምርምር መረቡ ኢተርኔት አማካይነት ለመያያዝ የተዘጋጀ መሠረተ ልማትም አለ። ፖስትፊክስም ሆነ ዶቭኮት ክፍያ አይጠይቁም።

የሚቀረው የቋንቋ ጉዳይ ነው። ቅጥያዎቹ "ማስረጃ"፣ "ምዝገባ"፣ "ጨረታ" ተብለው በግዕዝ ፊደል ቢጻፉ ደስ ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ደንብ ከ@ በፊት ያለው ክፍል ከላቲን ውጭ በሆነ ፊደል እንዲጻፍ ፈቅዷል፤ ፖስትፊክስም ከ3.0 ዕትሙ ጀምሮ ይደግፈዋል። ነገር ግን በመንገድ ላይ ያለ ሰርቨር ሁሉ ደንቡን ካልተቀበለ መልእክቱ ሳይደርስ ይመለሳል። ስለዚህ ለጊዜው አማርኛውን ቃል በላቲን ፊደል በአንድ ወጥ አጻጻፍ መወሰን፣ ያንንም በተቋሙ ማስታወቂያ ሁሉ ላይ ሳያዛንፉ ማተም፣ በግዕዝ የተጻፈውን ግን በሰርቨሩ ሠንጠረዥ ከአሁኑ አብሮ ማስገባት ያዋጣል፤ መንገዱ ሲከፈት የሚጠብቀው ማኅደር ዝግጁ ሆኖ ይገኛልና።